አዲሱ ሃርድ ዲስክና የጋሽ ቱፋ ጣት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ አዳማ፣ በራሴ ጌም ቤት ውስጥ ነው። ዓመት አለፈው፤ ከልቤ ግን አልወጣም። ያልወጣው ስህተቱ ትልቅ ስለነበረ አይደለም። ስህተቱማ ትንሽ ነበር፣ ማንም ሊሠራው ይችላል። ከስህተቱ በኋላ ያደረግሁት ነው የሚያንገበግበኝ። ለሰው ትምህርት ይሆናል ብዬም አይደለም የምጽፈው፤ ዝም ማለቱ ስለደከመኝ ነው።

ዘነበች እባላለሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። ጌም ቤት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ፀጉሩን ያንጨባረረ ጎረምሳ ነው፤ በሩን ገፍቶ ሲገባ እኔን ሻሽ አስሬ ቁጭ ብዬ ሲያየኝ "ባለቤቱ የለም?" ይለኛል። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ እግሬ እያበጠ አላስቆም ሲለኝ ወጣሁ። መንገድ ዳር ያለችውን የፊት ክፍላችንን ሱቅ ላድርጋት ብል፣ በሰፈራችን ሱቁ ከገዢው ይበልጣል። ጌም ቤት ግን አልነበረም። በሁለት ማሽን፣ በሁለት ቴሌቪዥንና በአራት የፕላስቲክ ወንበር ጀመርኩ። ቁጭ ብዬ የምሠራው ሥራ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ወይ መቀመጥ! ጩኸቱ፣ ሙቀቱ፣ "እትዬ፣ ጆይስቲኩ አይሠራም"፣ "እትዬ፣ እሱ ሰዓቴን በላብኝ"፤ እግሬ ሲያርፍ ጭንቅላቴ ማበጥ ጀመረ።

ያኔ ገና ስጀምር አንድ ነገር አድርጌ ነበር። ማሽኑ ላይ የሚታየው ሰዓት በፈረንጅ ስለነበረ ጎረምሶቹ ያምታቱብኝ ነበር። "አሥር ሰዓት ነው የጀመርኩት"፣ "አይ፣ ዘጠኝ ነው" ስንባባል እንውላለን። አንድ ቀን መረረኝና ሰዓቱን ራሴ በሐበሻ ሞላሁት። ሰዓቱን ካደረግሁ ቀኑስ ለምን ይቀራል ብዬ ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመተ ምሕረቱንም በእኛ አቆጣጠር አስተካከልኩት። ኢንተርኔት ስለሌለን ማሽኑ ያልኩትን ይዞ ተቀመጠ። ጭቅጭቁ ቀረ። እኔም ረሳሁት።

ጋሽ ቱፋን ያመጣችልኝ ልጃቸው ለሊሴ ናት። ለሊሴ ፋብሪካ ሳለሁ አጠገቤ ትሰፋ የነበረች ልጅ ናት፤ ዛሬም እዚያው ናት። አባቷ በጅቡቲ መስመር ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሾፌር ናቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰው ቀርቶ ፍየል አልነኩም፤ ይህንንም ያልነገሩት የአዳማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ስትሮክ የመታቸው መተሐራን አልፈው ሲነዱ ነው። ቀኝ ጎናቸው ሲከዳቸው መኪናውን በግራ እጃቸው ጥግ አስይዘው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ከዚያ ነው ራሳቸውን የሳቱት። ነፍሳቸው ተረፈች። እግራቸውም እያነከሰ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጃቸው ግን አልታዘዝ አለ።

ፊዝዮቴራፒ የምታሠራቸው ሐኪም "እጅዎ ካልሠራ ይደርቃል" ብላ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው። ወረወሯት። "እኔ ሕፃን ነኝ በኳስ የምጫወተው?" አሉ። ለሊሴ ብትለምን ብትቆጣ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን እኔ ጋ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ማጽናኛ አጣሁና "እስቲ አምጪያቸው። የከባድ መኪና ጌም አለኝ፤ ማንም አይጫወተውም" አልኳት። ከልቤም አልነበረም።

በማግስቱ ይዛቸው መጣች።

ጆይስቲኩን ስሰጣቸው አገላብጠው አዩት። "መሪው የታለ?" አሉኝ። "ይኼው ነው መሪው" ስላቸው "ይሄማ የሬዲዮ ማስተካከያ ነው" ብለው ናቁት። ጌሙ ላይ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ ጠቋሚ ጣት ነው። የእሳቸው ደግሞ ያ ጣት ነው አልታዘዝ ያለው። መኪናዋ መሐል መንገድ ላይ ተገትራ ቀረች። አዩዋትና በግራ እጃቸው የቀኝ ጣታቸውን ይዘው ቁልፉ ላይ ጫኑት። መኪናዋ ነቅነቅ አለች። "ኮቱ ዴምና!" አሏት እየሳቁ፤ ነይ እንሂድ ማለታቸው ነው። ለሊሴ አፏን በእጇ ያዘች። አባቷ ሲስቁ ካየች ወራት አልፏት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ያኔ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው፤ ቤቱ ጸጥ ይላል። የሰፈሩ ባጃጅ በር ላይ ያወርዳቸዋል። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ይሉኛል። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ የሚዝረበረበውን ለሃጫቸውን ጠረግ አድርጌላቸው ሥራዬን እሠራለሁ፤ እሳቸው ይነዳሉ። በሦስተኛው ወር ጣቱ ያለ ግራ እጅ እርዳታ መንቀሳቀስ ጀመረ። በስድስተኛው ወር ሙሉ ነዳጅ ሰጡ። ዳገት ላይ ተሳቢዋን ይዘው ሲወጡ "ዘነቡ፣ ነይ እዪ! ነይ እዪ!" ብለው ጠሩኝና ሮጬ መጣሁ። መኪናዋን ሳይሆን ጣታቸውን ነበር ያየሁት። ሐኪሟም አይታ ተገርማ "እንዳያቋርጡ ብቻ! ካቋረጡ ተመልሶ ይደርቃል" አለች። ይህን ቃል ለሊሴ ነግራኛለች። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ልል አልችልም።

ጌሙ ላይ ከቅጥር ሾፌርነት ተነስተው የሦስት መኪና ባለቤት ሆነው ነበር። ማሽኑ የነዱትን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ ግጭትም ይቆጥራል። የእሳቸው ግጭት ዜሮ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ዜሮ! ኳስ ጌም ሊጫወት የመጣውን ሁሉ ጠርተው ያችን ዜሮ ያሳዩታል። እኔም ጠዋት ሳይመጡ መኪናቸውን አስነስቼ እጠብቃቸዋለሁ።

ታዲያ ጥቅምት ላይ አዲሱ የኳስ ጌም ወጣ። ደንበኛው ሁሉ "አዲሱን ካልጫንሽ ሌላ ቤት እንሄዳለን" አለ። ልጫነው ስል ማሽኑ ቦታ የለም ይላል። ሃርድ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቷል። ካሉት ሁሉ ብዙ ቦታ የያዘው ደግሞ ማንም የማይጫወተው የከባድ መኪናው ጌም ነው። ጌም የሚጭንልኝ ሳሚ የሚባል ቴክኒሻን አለ፤ "እትዬ፣ ይቺን ጣያት በቃ" አለኝ። "ራስህን ጣል!" አልኩት። እንግዲህ ቦታውን ማስፋት ነው ያለው መፍትሔ።

ሳሚ እንዲህ አስረዳኝ። የውስጡ ሃርድ ዲስክ ይወጣና በእጥፍ የሚበልጥ አዲስ ይገባል። የወጣው አሮጌው ደግሞ አይጣልም፤ ሽፋን ተገዝቶለት በገመድ በውጪ በኩል ይሰካና ተጨማሪ ማስቀመጫ ይሆናል። አዲሱ ባዶ ስለሆነ ጌሞቹ እንደገና ይጫናሉ። ተጫዋቾቹ የደረሱበት፣ ማለትም ሴቩ፣ እንዳይጠፋ ቀድሞ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፣ በኋላ ይመለሳል። "የጋሽ ቱፋ ነገር አደራ" አልኩት። "አታስቢ፣ እትዬ" አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሳሚ ሥራውን በደንብ ነው የሠራው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ማሽኑን ፈታ፤ ሴቩን ፍላሽ ላይ አስቀመጠ፣ ዲስኩን ቀየረ፣ ጌሞቹን ጫነ። ያው የአዳማ ነፋስ አቧራውን እየነዛ ብሎን እንዳይጠፋበት በሻሼ ሸፍኜለት ቆሜያለሁ። ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው መብራት ጠፋ። ወለንጪቲ ሌላ ሥራ ቀጠሮ ስለነበረው ተቁነጠነጠ። "ሂድ በቃ" አልኩት፤ "የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ።" ሴቩን ከፍላሹ መመለስና አሮጌውን ዲስክ በውጪ መሰካት ብቻ ነበር የቀረው። "ስትጨርሺ ፍላሹን ባዶ አድርገሽ ላኪልኝ" ብሎኝ ሄደ። በሁለት ዓመት ውስጥ ማሽን በራሷ የተማረች ሴት ነኝ ብዬ የምኮራው እኔ፣ እሺ አልኩ።

መብራት መጣ። መጀመሪያ የመኪናው ጌም በትክክል መጫኑን ላረጋግጥ ብዬ ከፈትኩት፤ ሁለት ደቂቃ ነካካሁና ወጣሁ። ለካ እሱ ብቻውን አንድ አዲስ ሴቭ ፈጥሯል። ፍላሹን ሰካሁ። ማሽኑ ጠየቀኝ፤ በአንድ ስም ሁለት ሴቭ አለ፣ የቱ ይቀመጥ? ቀኖቹን አየሁ። ማሽኑ ላይ ያለው የዛሬው ነው። ፍላሹ ላይ ያለው ደግሞ ከሰባት ዓመት በፊት የተጻፈ ይላል።

ከሰባት ዓመት በፊት! "ይሄማ የማን ግሳንግስ ነው? ሳሚ ከሌላ ሰው ፍላሽ ያግበሰበሰው ይሆናል" አልኩ። አዲሱ መቼም ከአሮጌው ይሻላል ብዬ የማሽኑ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ፍላሹን እንደታዘዝኩት ባዶ አደረግሁና በባጃጅ ላክሁለት። አሮጌውን ዲስክ በውጪ ስሰካው ማሽኑ "ያለበት ሁሉ ይጠፋል፣ ልቀጥል?" አለኝ። ቀጥል አልኩት። ደክሞኝ ስለነበር ቶሎ ጨርሼ ጋደም ማለት ነበር የፈለግሁት። ቤቱን ዘግቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዴ የጋሽ ቱፋን መኪና ላስነሳ ጌሙን ከፈትኩ። "እንኳን ደህና መጡ፣ አዲስ ሾፌር" የሚል ነገር መጣ። ሦስቱ መኪኖች የሉም። ኪሎ ሜትሩ የለም። አንዲት ኪራይ መኪና ብቻ ቆማለች።

ሳሚ ጋ ደወልኩ። ከትናንት ጀምሮ ያደረግሁትን በሙሉ ነገርኩት። "እትዬ፣ ድሮ ማሽኑ ላይ ቀኑን በሐበሻ ነበር እንዴ ያደረግሽው?" አለኝ። ያኔ ገባኝ። እሱ ማሽኑን አዲስ ሲያስነሳ ቀኑ በፈረንጅ ሆኗል፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ደግሞ በእኛ ነው የተጻፈው። የጋሽ ቱፋ ስምንት ወር በዓመተ ምሕረት ተሸነፈ። ከሰባት ዓመት በፊት እኔ የጌም ማሽን የሚባል ነገር መች አውቅና ነው! እሱን እንኳ ማሰብ አቃተኝ? ሳሚ ፍላሹ ላይ ማለዳውኑ ለሌላ ደንበኛ ጌም ጭኖበታል። አሮጌው ዲስክም ተጠርጓል። "አይመለስም፣ እትዬ" አለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ የባጃጁ ድምፅ መጣ።

ጋሽ ቱፋ ምርኩዛቸውን እየቆረቆሩ ገቡ። የተለመደውን ቡናማ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ተላጭተዋል። እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ግን ያቺ ዜሮ ታየችኝ፣ ፊታቸው ታየኝ፣ አቅም አጣሁ። "ጋሼ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል" አልኩ።

"ይሄኛውስ?" አሉ ወደ ሁለተኛው ማሽን እያዩ።

"እሱ አሮጌ ነው፣ የእርስዎን ጌም አይችለውም።"

"ራኮ ሂንቀቡ" አሉ፤ ችግር የለውም ማለታቸው ነው። "መቼ ይሠራል?"

"በሳምንት" አልኳቸው። ባጃጁ ሳይርቅ ተጠርቶ መለሳቸው።

ዕቅድ ነበረኝ፤ የሰነፍ ዕቅድ። እኔው ራሴ ነድቼ እሳቸው የደረሱበት ላደርሰውና ምንም እንዳልተፈጠረ ላስረክባቸው ነው። መንዳትም አይደል? በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጋረጃውን ጋርጄ፣ ድምፁን ቀንሼ፣ በእሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ።

ኧረ በስመ አብ! ተሳቢ ወደ ኋላ መመለስን የፈጠረው ምን ዓይነት ጠላት ነው? መሪውን ወደ ቀኝ ስል ተሳቢው ወደ ግራ ይሄድብኛል። አጥር ገጨሁ፣ ነዳጅ ማደያ ገጨሁ፣ የቆመ አውቶቡስ ገጨሁ። ያቺን ዜሮ እንኳ ማሽኑ ሲበላሽ አሳሳታት እላለሁ ብዬ ተውኳት። ዓይኔ ደም ለበሰ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ጠዋት ጠዋት ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል እነዳለሁ፣ ከዚያ መጋረጃውን ገልጬ ለደንበኛ እከፍታለሁ፣ እስኪመሽ ጩኸታቸውን እሰማለሁ። ሳምንት ሞላ። አንዱንም መኪና አልገዛሁም። ለሊሴ ደወለች፤ "ዕቃው ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው" አልኳት። ሁለተኛው ሳምንት ሞላ። ደወለች፤ "የመጣው ዕቃ ልኩ አይደለም" አልኳት። ውሸት መቼም አንዴ ከበር ከገባ ዘመድ ይጠራል።

"እጃቸውስ?" ብዬ ጠየቅኋት። "በእረፍቴ ቀን ሶደሬ ወስጄ ፍል ውኃው ውስጥ አስነክሬው ነበር፤ እንጃ እትዬ፣ ደከም ብሏል" አለችኝ። ግን ሁለት መኪና ነው የቀረኝ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ እያልኩ ቀጠልኩ። ያን ያህል ከለፋሁ በኋላ መተው ደግሞ አልሆነልኝም። ሰው የሚሞኘው እንዲህ ነው፤ እውነቱን ከመናገር ይልቅ መዋሸቱ አደከመኝ፣ ግን እሱኑ ይዤ ሮጥኩ።

በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጋረጃው ተገለጠ። ለሊሴ ናት። ፈረቃዋ ተቀይሮ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ተሳቢው ሲሄድ ስታይ ፊቷ በራ።

"ተሠራ እንዴ እትዬ?"

ወንበሩን አየች፣ የተጋረደውን መስኮት አየች፣ እኔን አየች። የፊቷ ብርሃን ቀስ እያለ ጠፋ።

"መቼ ነው የተሠራው?"

ጆይስቲኩን አስቀምጬ ከወንበራቸው ተነሣሁ።

"እትዬ፣ አባቴ ከብዶሽ ከነበረ ለምን አልነገርሽኝም?" አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "ለሃጩ ነው? ደንበኛ አባረረብሽ? ብትነግሪኝ እኮ ይገባኛል። እሱ ራሱ ብሎኛል፤ 'ዘነቡ ሰልችታኛለች፣ ደግመሽ አትደውይባት' ብሎ ለምኖኛል።"

ወይኔ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔ ለሃያ አራት ቀን የእሳቸውን መኪና ስገፋ እሳቸው ቤታቸው ተቀምጠው ሰለቸኋት እያሉ ኖረዋል! እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐበሻውን፣ ፈረንጁን፣ ፍላሹን፣ ውሸቴን። ለሊሴ በእጇ አንስታኝ "ነይ፣ ለራሱ ንገሪው" አለችኝ።

ቤቱን ቆልፌ በባጃጅ ሄድን። ጋሽ ቱፋ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። አልተላጩም። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ወድቋል፣ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። እሳቸው ግን ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ። "ኖር፣ ኖር" አሉኝ። አንጀቴን ቆረጡት።

ቆሜ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

"እና አንቺ በእኔ ስም ስትነጂ ከረምሽ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ስንት ጊዜ ገጨሽ?"

ልደብቅ አልኩ፤ ከዚያ መደበቅ ሰለቸኝ። "ስልሳ ሦስት ጊዜ።"

ዓይናቸው ፈጠጠ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው። "ስልሳ ሦስት! በዚህ አነዳድሽ እኮ ወለንጪቲም አትደርሺም! ሠላሳ ዓመት ፍየል ያልነካሁትን ሰውዬ በሃያ ቀን ነፍሰ ገዳይ አደረግሽኝ!" ለሊሴም ሳቀች፣ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። "ዛሬውኑ አጥፊልኝ" አሉ፤ "ነገ ከዜሮ እጀምራለሁ።" እንዲህ የቀለለኝ ቀን የለም። በቃ፣ አለፈ አልኩ።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተላጭተው መጡ። መኪናዋን አስነስቼ ጠበቅኋቸው። ተቀመጡ፣ ጆይስቲኩን ያዙ። መኪናዋ አልሄደችም። ጣቱ ቁልፉ ላይ አርፏል እንጂ አይጫንም። በግራ እጃቸው ደግፈው ጫኑት፤ እንደዚያ የመጀመሪያው ቀን። ጣቱ ደረቅ ብሎ አልታጠፍ አለ። እንደገና ሞከሩ። ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። እኔ ኋላቸው ቆሜ እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን፣ ከዚያ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፤ ጉዞዎን አጠፋሁብዎ" አልኩ።

"ጉዞማ ምን አለበት ልጄ" አሉኝ። ቁጣ አልነበረውም ድምፃቸው፤ ድካም ብቻ ነበረው። "ጉዞ ይጀመራል። ስንቴ ከጅቡቲ ባዶ ተመልሼ እንደገና ሄጃለሁ! ያን ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ያኔውኑ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ከዜሮ እጀምር ነበር።"

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላል ያገሬ ሰው። ያ ማለዳ፣ ባጃጁ ገና በር ላይ ሳለ፣ ጣታቸው ጤነኛ ነበር። ኪሎ ሜትሩና ሦስቱ መኪና ቢጠፉም ጣቱ አልጠፋም ነበር። ጣቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በዚያች "ተበላሽቷል" ባልኳት ቃል። ሐኪሟ በኋላ አይታቸው "ትንሽ ትንሽ ይመለስ ይሆናል፤ እንደ ድሮው ግን እንጃ" ብላለች።

ይኸው ዓመት ሆነው። ጋሽ ቱፋ መምጣታቸውን አላቋረጡም። ተማሪው እንደ ድሮው ይጮሃል፣ ማሽኑ የፈለግሁትን ያህል ጌም ይይዛል፣ እኔም እንደ ድሮው ደክሞኝ እውላለሁ። ጣታቸው ነዳጁን እስከ ግማሽ ይጫናል፣ ከዚያ አያልፍም። ሜዳ ላይ ይበቃቸዋል፤ ቀስ ብለው ይነዳሉ፣ ከኋላ ያሉት መኪኖች ጡሩንባ ይነፉባቸዋል፣ እሳቸው ግድ የላቸውም። ዳገት ላይ ግን መኪናዋ ትቆማለች። ያኔ "ዘነቡ" ይሉኛል። የያዝኩትን ጥዬ እሄድና ከኋላቸው ጎንበስ ብዬ ጣቴን በጣታቸው ላይ አድርጌ እጫናለሁ። አንዳንዱ ዳገት ረጅም ነው። ወገቤ ሲያመኝ፣ ስተነፍስ ይሰማቸዋል መሰለኝ፣ ሳይዞሩ "አይዞሽ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረን" ይሉኛል።

ሁሉንም እችለዋለሁ። እሳቸው እኔን አይዞሽ ሲሉኝ ግን አልችለውም።